ገበያተኛዋ ላይ የሞትኩ ጊዜ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ማታ።

ዛሬም ጨረቃ ላይ ኬላ ያዘን። ጨው፣ በርበሬና ነጭ ማር ጭነን ወደ ማርስ እየሄድን። ፈታሾቹ ዘው ብለው ገቡ። እኔ በርበሬው ጆንያ ላይ ቂብ ብዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ጭነቱ የዕርዳታ እህል ነው እላለሁ። ፈታሹ አስነጠሰ። ትወና አይደለም፤ በርበሬው የእውነት ነው። ናቲ ከካሜራው ኋላ በሳቅ ፍርስ አለ፣ ይሄ ይግባ ይግባ አለ።

ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው እጅ ብትገቢ እብድ እንዳልባል ልጻፈው። ገበያተኛዋ የንግድ መንኮራኩር ናት። ከውጭ ስትታይ ቃሊቲ፣ መጋዘን ግቢ ውስጥ የቆመች ኮንቴይነር ነች፣ ዝገቷ የሚያስፈራ። ውስጧ ግን! ከተበታተነ ከባድ መኪና የመጡ ወንበሮች፣ መሪ፣ በብር ቀለም የተቀባ ግድግዳ፣ የገና መብራት። ዘጠነኛ ክፍል ሆነን እኔና ናቲ አጥር ላይ ተቀምጠን ወደ ጅቡቲ የሚወጡትን መኪኖች እያየን፣ እነዚህ ቢበሩስ ብለን የፈጠርናት ነች። አሁን ተከታታይ ፊልም ሆና ዩቲዩብ ላይ ልትወጣ ነው። እሱ ዳይሬክተር። እኔ ብርቄ፣ የመንኮራኩሯ ረዳት። ጫኝ፣ አውራጅ፣ ተደራዳሪ፣ ውሸታም። ከትርሲት ይልቅ ብርቄን ሆኜ ስውል ደስ ይለኛል፣ እውነቱ ይሄ ነው።

ካፒቴናችን ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የጅቡቲ መስመር ሾፌር። ወደ ጠፈር ከመነሳታችን በፊት ወርደው ጎማ በእግራቸው ይመታሉ። ጋሼ፣ ጎማ የላትም እኮ ብንላቸው፣ አርፈሽ ግቢ አሉኝ።

ችግራችን ድምፅ ነው። የመኪና ጡሩምባ ከጠዋት እስከ ማታ አይቆምም፤ ማርስ ላይ ሆነን ሁላ ይሰማል። ስለዚህ የተናገርነውን በሙሉ በኋላ ስቱዲዮ ገብተን፣ የራሳችንን ከንፈር እያየን እንደገና ልንናገረው ነው። ደክሞኛል። ፀጉሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6።

ዛሬ ሞትኩ። ግን ሕልም ነው።

ካፒቴኑ መሪው ላይ ሸለብ ሲያደርጋቸው የሚያዩት ሕልም ነው፣ አለ ናቲ። ብርቄ አየር አልቆባት ጨው ጆንያ ላይ ትሞታለች፣ ከዚያ ካፒቴኑ ይባንናሉ፣ ብርቄ ሻይ ይዛ ትመጣለች። በቃ ሕልም ከሆነ ብዬ ያለኝን በሙሉ ሰጠሁት። የራስ ቁር አድርጌ፣ ትንፋሼ መስታወቱን እያደበዘዘው። ሜካፕ የምትሠራን ሉላ የራሷ ኩል በእንባ ወረደ። ጋሽ ታደሰ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ።

ናቲ አቀፈኝ። ቶሎ አልለቀቀኝም። ዓይኔን ግን አላየም። ነክቶታል አልኩ በልቤ፣ ኮራሁ። ሻይ ይዤ የምገባበትን መቼ እንቀርጻለን ብዬ ብጠይቀው፣ መብራት ሄዷል፣ ሌላ ቀን አለ። መብራት የሄደው እውነት ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 9።

ናቲ ቤት መጣ። እማዬ እሱን ስታይ የምትሆነውን ታውቂያለሽ፤ እኔ የወለደችኝ ልጅ ጎረቤት እሆናለሁ። ምስር ወጡን አቀረበች፣ ብላ ልጄ፣ ከስተሃል፣ ጨምር። በላ። ጨመረ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን የምረቃ ፎቶዬን ጠየቀ። ለፖስተር ነው።

እማዬ አወረደችው። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። መሐል ላይ ነው የምትሆነው ወይስ ዳር አለችው። እትዬ፣ ዋናዋ እሷ ነች አላት። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ለናቲ እናት ለእትዬ አስናቁ በአጥር ላይ ነገረች፣ ሁለቱም እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ግድግዳው ላይ የፎቶው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እማዬ ባየችው ቁጥር ፈገግ ትላለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12።

የዛሬውን ሳልጽፍ አላድርም። እንደምንም እጽፈዋለሁ።

ዛሬ ቀረጻ የለሽም ተባልኩ። እሰይ ብዬ ኮዬ ፈጬ አክስቴ ጋ ሄድኩ፣ መጋረጃ ልሰቅልላት። ስመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ እያለሁ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ተናገሪ፣ ለእናትሽ ተናገሪ ይላሉ። ከኋላቸው አንድ ድምፅ ይሰማል። የሰው ድምፅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። የእማዬ ነው።

እማዬ አለሁ አልኩ። አለሁ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስሜን አስጠራችኝ። የአባቴን ስም አስጠራችኝ። እንደገና አስጠራችኝ። ከዚያ ስልኩ ወደቀ መሰለኝ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መጋዘኑ በር ላይ ድንኳን ተተክሏል። የእኛው የእድር ድንኳን ነው፣ ጥጉ ላይ የተጣፈበትን አውቀዋለሁ፤ ናቲ ለቀረጻ ተከራይቶት ነው። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሰው ውሃ ያርከፈክፍባታል። ስታየኝ አልተነሳችም። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዳበሰችው፣ ጆሮዬን ሳይቀር።

የሆነውን ሉላ ነገረችኝ፣ እያለቀሰች። እማዬ ከገበያ ስትመለስ ድንኳኑን አየች። ለቅሶ ደግሞ አይታለፍም። ማን ሞተ ብላ እንኳ አልጠየቀችም፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች። ተዋናዮቹ ናቲ ያመጣት አልቃሽ መሰለቻቸው፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። ለማታውቀው ሰው ወጉን ያህል አለቀሰች። ከዚያ ቀና አለች። ፊት ለፊቷ የምረቃ ፎቶዬ፣ ጥቁር ሪባን ታስሮበት፣ ግራና ቀኙ ሻማ።

አሁን ስሚኝ። ናቲ አላስቆመም። እሷ መሆኗን አውቋል፤ በእጇ ያበላችውን ሴትዮ እንዴት አያውቅም? ለካሜራው ልጅ በእጁ ጠጋ በል ብሎ ምልክት ሰጠው። ጠጋ በል! ጋሽ ታደሰ ናቸው ወንበሩን ገፍተው የተነሱት፣ የልጅቷ እናት ነች እኮ ብለው የጮኹት።

ለመሆኑ የማን ለቅሶ ነው የሚቀረጸው ብዬ ጠየቅኩ። ሉላ መሬት መሬት አየች። የብርቄ ነው። ሕልም አልነበረም። ለፊልሙ ገንዘብ የሚያወጣው ስፖንሰር ስም ያላት ተዋናይት አምጥቷል፣ ከሚቀጥለው ክፍል ገበያተኛዋ ላይ የምትሳፈረው እሷ ነች። እኔ የእውነት ሞቻለሁ። እንዳልከራከረው፣ እንዳላለቅስበት፣ በደንብ እንድሞትለት ሕልም ነው አለኝ።

ናቲ ራቅ ብሎ ቆሟል። አልቀረበኝም። እኔም አልሄድኩም፣ ብሄድ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13።

እማዬ ሱቋን አልከፈተችም። ተኝታ ትባንናለች፣ የት ነሽ ትላለች፣ አለሁ እላለሁ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ ተናግሬ ነው።

ናቲ ይደውላል። አላነሳም። ምን እንደሚያንገበግበኝ ታውቂያለሽ? መንኮራኩሯ አይደለም። ከመንኮራኩሯ ያባርረኝ፣ ግድ የለም፣ ግድ አለኝ ግን ግድ የለም። ፎቶውን ከእማዬ እጅ ሲቀበል ለምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ምስሩን እያጎረሰችው ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከሰዓት።

እትዬ አስናቁ ናቲን ይዘውት መጡ። እንደ ሌባ ከፊታቸው እየነዱ። ገና ከበሩ ተንበርክኮ የእማዬን ጉልበት ሳመ። አለቀሰ፣ እንባ እንኳ የእውነት ነው። ስፖንሰሩ አስጨንቆት እንደሆነ፣ ለእኔ መናገር እንደፈራ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጭንቅላቱ እንደዞረበት ተናገረ። እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

እማዬ ተነስ ልጄ አለችው። አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። የቀረጸውን እንዲያጠፋላት። ራሴን ተገልጬ፣ መሬት ላይ ስንከባለል ሰው እንዳያየኝ አለች። እማዬ እንዲህ ዝቅ ብላ ስትለምን አይቼ አላውቅም። እናቴ ትሙት አጠፋዋለሁ አለ። እናቱ አጠገቡ ቆመው! እትዬ አስናቁም፣ ዋስ እኔ ነኝ አሉ።

ዋስ ከቆመ ምን ይባላል። እኔም ለዕርቁ ብዬ የቀረውን ድምፄን ስቱዲዮ ገብቼ እንደምጨርስለት ቃል ሰጠሁ። ሲወጡ እማዬ ከረቡዕ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። ቀለል አለኝ። ይቅር ያልኩትም መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18።

ቂል! ጅል! ራሴን ነው።

ስቱዲዮ። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ስፖንጅ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ። ኬላውን ጨረስኩ፣ የማር ድርድሩን ጨረስኩ። ከዚያ የሞቱ መጣ። ናቲ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ እጁን አነሳ። ስክሪኑ ላይ ብርቄ ጨው ጆንያ ላይ ጋደም ብላለች። አፌን ከፍቼ ልጀምር ስል ምስሉ ተቆረጠ። ምድር። ድንኳን። የእማዬ ጩኸት ሁለቱም ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

አላጠፋውም። ሙዚቃ አድርጎበታል። ብርቄ ጠፈር ላይ ስትሞት እናቷ ምድር ላይ ትጮሃለች፣ ብርቄ የሰማች ይመስል ዓይኗን ትከፍታለች። እውነቱን ልንገርሽ? ያምራል። በሕይወታችን ከሠራነው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ማማሩ ነው የገደለኝ።

ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተከተለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተፈልጎ አይገኝም አለ። እናትሽ መሆኗን ማን ያውቃል አለ። እናቴ ታውቃለች አልኩት። ከእኔ የወጣው ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ስድብ በሙሉ ታክሲ ውስጥ ነው የመጣልኝ።

ቤት ስገባ እማዬ አጠፋው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔም ዋሸኋት። እሷን የማይዋሻት ሰው ጠፋ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20።

ናቲ በቴሌግራም ቁራጩን ላከው። ከሥሩ ጽፏል፣ አንዴ ብቻ እዪውና ወስኚ፤ ድምፅሽን እምቢ ካልሽ ሌላ ልጅ አስገብተን ቅዳሜ እናወጣዋለን። ወስኚ ይላል እንዴ! በምርጫዬ የሆነ ለማስመሰል።

ቁርስ ላይ ለእማዬ ነገርኳት። አላጠፋውም፣ ከትናንት ወዲያ ዋሽቼሻለሁ አልኳት። ትጮሃለች ብዬ ነበር። አሰሚኝ አለች። እማዬ ይቅርብሽ ብላት፣ አሰሚኝ።

አሰማኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ይዛ። እስከ መጨረሻው አየችው። እንደገና ክፈቺው አለች። ከዚያ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ለካ እንዲህ ነው የምወድሽ አለች።

አለቀስኩ፣ ምን ልበልሽ። እሷ አላለቀሰችም። ፊቷ ሌላ ሆነ፣ ሱቅ ውስጥ የሚያጭበረብራትን ሰው የምታይበት ፊት። ይሄ የእኔ ነው፣ የሰው አይደለም፣ ለሰው አይታይም አለች። የአደባባይ ነጠላዋን አወጣች። እትዬ አስናቁ ጋ ልንሄድ ነው። ዋስ ነኝ ብለዋል፣ ስልኩን እጃቸው ላይ እናስቀምጣለን፣ እሳቸውም እስከ መጨረሻው ያያሉ። በእሳቸው ሞት ምሎ ያደረገውን ይዩት። ካላስቆሙት ወደ እድሩ ዳኛ፣ ከዚያ ወደ ሕግ። እማዬ ናት ይሄን ሁሉ የምትለው፣ ጫማዋን እያሰረች።

ለናቲ መልስ ጻፍኩለት። መንኮራኩሯን ወስደሃል፣ ውሰዳት። ብርቄንም ውሰዳት፣ በፈለግከው ልጅ ድምፅ ትሙት። ድምፄን አልሰጥህም። እናቴን ግን

እማዬ በር ላይ ሆና ትጠራኛለች። መጣሁ፣ አለሁ