የዕቁባችን ገንዘብ ታገደ

ሐምሌ 26
ቅዳሜ። ዝናብ... ገበያ የለም። ዕቁቡ ተጣለ፣ ዕጣው ለሸሪፋ ወጣ። ሱቄ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ቦሌ ለሚ ያለ አንድ ፋብሪካ አሮጌ የስፌት መኪናዎቹን እየሸጠ ነው። እነሱን ገዝታ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ዩኒፎርም ልትሰፋባቸው አስባለች።
"ሻጩ እስከሚመጣው ቅዳሜ ይጠብቀኛል። ሰኞ ታስገቢልኛለሽ አይደል?"
"ሰኞ በጠዋቱ!" አልኳት። ምን ችግር አለው? ዳኛዋ እኔ፣ ብሩ በኔ ስም ባንክ። "ካሽ ይዛችሁ አትዙሩ፣ በሞባይል ላኩ" ያለን ራሱ ባንኩ ነው።

ሐምሌ 28
ታግዷል። የዕቁቡም፣ የራሴ የሱቅ ብርም፣ ሁሉም እዚያው ሒሳብ ውስጥ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ እኔም አላውቅም" አለኝ። አያውቅም!

ሐምሌ 30
ዋናው መሥሪያ ቤት። ኃላፊው መታወቂያዬ ላይ ኣምለሰት የሚለውን የትግርኛ ስሜን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት።
"ይሄ ሁሉ ሰው በየሳምንቱ ለአንድ ግለሰብ የሚልከው ለምንድን ነው?"
"ዕቁብ ነዋ!"
"ዕቁብ የሚባል ሒሳብ ሲስተሙ ላይ የለም።"
ወይ ጉድ! እናቱ ዕቁብ ሳትጥል ነው ያሳደገችው?
ኋላ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ "እኔ አላሳየሁሽም" ብሎ ስክሪኑን አዞረልኝ። ብር ሲላክ "ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። ሁሉም "ዕቁብ" ይላሉ። ጎረቤቴ ማሞ ግን፣ ቻርጀር የሚሸጠው፣ ሊያስቀኝ ቀልድ ይጽፍበታል። "ለሁለተኛ ሚስት ጥሎሽ"... ስቄ አልፈው ነበር። የመጨረሻው ምን ይላል? "የጥቁር ገበያ ዶላር"። ማሽን ቀልድ አያውቅ!
"ይጣራል" አለኝ።
"መቼ?"
"ሲጣራ።"
ስወጣ በሩ ሥር የቆሙት "ምንዛሬ? ምንዛሬ?" ይሉኛል። እነሱን የሚያግድ የለም።

ነሐሴ 1
ለማሞ ነገርኩት። ላብ አጠመቀው።
"ሂድና ቀልድ ነው በላቸው።"
"አስረው ቢያስቀሩኝስ? ባክሽ ኣምለሰት፣ የልጆች አባት ነኝ። ለሰውም እንዳትነግሪ። አንቺን ያምኑሻል።"
አሳዘነኝ። እሺ አልኩት። ምን አባቴ ሆኜ ነው እሺ ያልኩት?

ነሐሴ 3
ሸሪፋ ስትደውል ዋለች። አላነሳሁም... ምን ልበላት?

ነሐሴ 5
መኪናዎቹ ተሸጡ። ሸሪፋ ሱቄ በር ላይ ቆመች፣ አልገባችም።
"ባንኩ እኮ..."
"ባንኩን አላውቀውም። ሰኞ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 9
ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዷ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ብላ ለጠፈች። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ያደረገው ማነው? ማሞ! ለሰው ሞት አነሰው።

ነሐሴ 24
ተለቀቀ። ይቅርታ የለ፣ ማብራሪያ የለ፣ ስልኬ ላይ አንድ መልእክት ብቻ። ወዲያው ለሸሪፋ አስገባሁ።
"ደርሷል" ብላ ጻፈች። በቃ። ዩኒፎርሙን ሌላ ሰው እየሰፋው ነው።

መስከረም 12
አዲስ ዕቁብ ጀምረዋል። እኔን ሳይነግሩኝ። በካሽ፣ በፌስታል እየተዞረ! ባንክ የሚባል ነገር አይነሳብን ብለዋል አሉ።
ከሰዓት ማሞ መጣ።
"ግቢ እንጂ፣ ያላንቺ ምን ዕቁብ አለ?"
"ዳኛው ማነው?"
አንገቱን አከከ። "እንግዲህ... እኔን መረጡኝ።"
አፌ ድረስ መጣ። ልናገር? አሁን ማን ያምነኛል? ሰበብ ፈጠረች ነው የሚሉኝ። ዋጥኩት። ብቻዬን ቀርቼስ የት እደርሳለሁ...
"እሺ፣ ጻፈኝ" አልኩት።
ስልኩን አወጣ፣ ግን አልጻፈም።
"እንዳትቀየሚኝ፣ ሰዎቹ ናቸው ያሉት። ዋስ ያስፈልግሻል።"
"እኔ? ማንን ላምጣ?"
"ማንም ይሁን" አለኝ ማሞ፣ "ብቻ የታመነ ሰው ይሁን።"