ዕቃ ቤት ያደሩት ስድሳ መስሚያዎች

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ባልሽስ ደህና ነው? ሚጢጢዋ ጥርስ አበቀለች ወይስ አሁንም እንደ አጎታችን እንደ ጋሽ ሬዲዮ በድድዋ ነው የምትስቀው? እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። እማዬ ወገቧን ያማታል፤ ለቁጣ ግን አላነሳትም። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የመዳብ ማውጫው እየነጠፈ መሆኑን ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። የቅርቡ መዳብ አልቋል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ሌላ ሳይኖር አይቀርም ተባለና አንዲት መሐንዲስ ሠራተኞቿን ይዛ መጣች። ሳይቆፍሩ ነው የሚፈልጉት። ሆዱ ሥር የብረት ሰሌዳ ያለው ከባድ መኪና እየቆመ መሬቱን ያንቀጠቅጣል፤ ንዝረቱ ወደ ታች ወርዶ ሌላ ዓይነት ዓለት ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል። ቡጢ የሚያካክሉ መስሚያዎች ደግሞ ከኮረብታው እስከ ጓሯችን ተተክለው የተመለሰውን ይመዘግባሉ። መዳብ ከተገኘ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ካልተገኘ ማውጫው ይዘጋል፤ አባዬም ሠላሳ ዓመት ከሠራበት ቤቱ ይቀመጣል።

ጋሽ ሬዲዮ «እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ! መዳቡን በውስጥ እግሬ ነው የምሰማው» እያለ መሐንዲሷን አደከማት። መኪናው ሲንቀጠቀጥ መራመድ ክልክል ነው ሲባል ግን አንድ እግሩን እንዳነሳ፣ አፉን እንደዘጋ ቆሞ ቀረ። ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ የታመመ መስሎኝ ነበር።

አባዬን የእኛን ሰፈር ስድሳ መስሚያዎች እንዲጠብቅ ቀጠሩትና የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ሰጡት። እንደ ጄኔራል ይንጎራደድ ጀመር። ታውቂኝ የለ፣ አላስችል አለኝ። ረቡዕ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር «መሐንዲሷ ዝናብ ከመጣ ይነቀሉ ብላለች» አልኩት። አላለችም። ጄኔራሉ ሲሮጥ አይቼ ልስቅ ነበር።

ሮጠ። ስድሳውንም ነቃቅሎ፣ በካፖርቱ እየጠቀለለ ዕቃ ቤት አስገባቸው። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ቀልዴን ነው ልለው ብገባ መሬት ላይ ደርድሯቸው አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠርጋል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ሳልነግረው ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም በየቦታቸው መልሶ ተከለ። ዝናቡ ጭራሽ አልመጣም። መኪናው ግን ያን ረቡዕ ከኮረብታው ማዶ እስኪመሽ ሲሠራ ነበር፤ ከጥልቁ የሚመለሰው ደግሞ እኛ ሰፈር ነበር የሚሰማው።

የተመዘገበው ኮምፒውተር ላይ ሲታይ መሐንዲሷ ሁላችንንም ሰበሰበችና «እዚህ ቦታ ያገኘሁት የአይጥ ሩጫ ብቻ ነው» አለች፤ መስሚያዎቹ ዕቃ ቤት ሲያድሩ የሰሙትን። ማንም አልሳቀም። መኪናው ሌላ ቦታ ቀጠሮ ስለነበረው ሄደ። የማውጫው ኩባንያም መሐሉ ባዶ የሆነ ሥዕል ይዤ ጥልቅ ጉድጓድ አልቆፍርም አለ። በወሩ መጨረሻ ማውጫው ይዘጋል። ከእግራችን ሥር መዳብ ይኑር ባዶ ድንጋይ፣ የሚያውቅ የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መሐንዲሷ ማን እንደነቀላቸው ስትጠይቅ አባዬ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ፣ ዝናብ ፈርቼ ነው» አለ። የነገረው ሰው እንዳለ አልተነፈሰም። እኔ ከኋላው ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ሰደርያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። ሰፈርተኛው አባዬ ሲያልፍ ወሬውን ያቋርጣል።

የአባዬ ዓይን ስለደከመ ደብዳቤ ከመታሸጉ በፊት ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብዬ እንደማነብ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ላንቺ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት ልናገር ስል ምላሴ እምቢ አለኝ። አሁን ልጠራቸው ነው።

አነበብኩት።

እማዬ ለባልሽ ሰላምታዋን ሰጥታ፣ እኔን ሳታየኝ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ሬዲዮ «ሰላም በይያት» ብሎ ዝም አለ፤ አዎ፣ እሱ። አባዬ ሚጢጢዋን ግንባሯን ሳሚልኝ ብሏል። ቆየት ብሎም «ያንን ስለ ዝናቡ የጻፍሽውን ሰርዢው፤ እኔ አንዴ ተናግሬያለሁ» አለኝ።

አልሰረዝኩትም። ነገ ጠዋት መሐንዲሷ ሳትሄድ እነግራታለሁ። መኪናው እንደማይመለስ አውቃለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ፣ ኅዳር 12 ቀን