ስለ ዕድገቱ የሚመሰክር ሰው

ረቡዕ
አጎትሽን አምጪ ተባልኩ። ዓርብ እዚህ መርሳ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ከወልድያ አለቆች ይመጣሉ፤ ኑሮው የተለወጠለት ገበሬ መድረክ ላይ ወጥቶ ፓርቲውን ማመስገን አለበት። ኃላፊዬ ትንሽ አሰበና «ያንቺ አጎት እያሉ ምን እንፈልጋለን?» አለኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ የሥራ ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። አጎቴ አያ መኮንን እንደሆኑ በእርግጥም ተለውጠዋል። የውሃ ፓምፕ ገዙ፣ ሽንኩርታቸው ጥሩ ዋጋ አወጣ፣ ቤታቸውን አሳምረው ሠሩ። ታዲያ ለምን ፈራሁ?

ሐሙስ
ማሳቸው ድረስ ወረድኩ። ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ግራ የገባቸው መሰሉ። ፓምፑን የገዙት በሬ ሸጠው ነው። መንገዱና መብራቱ መግባቱን አይክዱም። ግን ሽንኩርቱ በተሸጠ ማግስት ዘይቱም ማዳበሪያውም ይወደዳል። ልጃቸው ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሰላም ስላልሆነ እስኪመለስ ስልካቸውን ከእጃቸው አይለዩም።
«ማግኘቱንስ አግኝቻለሁ፣ ልጄ። እንቅልፍ ግን የለኝም» አሉኝ።
ከዚያ ትክ ብለው አዩኝና ለአንቺ ስል እመጣለሁ አሉ። አፈርኩ።
ቢሮ በተሰበሰብን ቁጥር ይህን ሁሉ ሠርተን ሕዝቡ ለምን አይወደንም ይባላል። ሰው ያገኘውን በላቤና በእግዜር ነው ይላል፤ የጎደለበትን ግን ከመንግሥት ይቆጥራል። ግፍ ነው እንዳልል፣ እኔም ደመወዝ የተጨመረልኝ ጊዜ ያመሰገንኩት ራሴን ነው።

ዓርብ
አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አያ መኮንን ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። የተነጋገርነውን ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ዘርግተው ምርቃት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ምርቃት አይቋረጥ ነገር፣ ከወልድያ የመጡትም መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ለዝናቡ፣ ለወንዙ፣ ለሸጡት በሬ ሳይቀር አመሰገኑ። ፓርቲውን አልጠሩትም። መጨረሻ ላይ፣
«የወጣውን ልጅ በሰላም የሚያስገባ መንገድ ይስጠን» አሉ።
እንዲህ ያለ አሜን በስብሰባ ሰምቼ አላውቅም። ኃላፊዬን ቀና ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ኮንትራቴ አበቃለት።

ቅዳሜ
ጠዋት ኃላፊዬ ቤቴ ድረስ መጣ። አለቆቹ ቅር ተሰኝተዋል፤ ስለ ኮንትራቴም ገና አልወሰኑም። ይህን ነግሮኝም አልሄደም፤ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ወንድሙ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነስቶ ነበር፤ አልደረሰም፣ ስልኩም አይሠራም።
«አጎትሽ ጋ ውሰጂኝ» አለኝ። «ለወንድሜም ይመርቁልኝ።»
ነጠላዬን አንስቼ አብሬው ወጣሁ።