አጫጁ የጠየቀው ጥያቄ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ዳባት ብርዱ ሳይጠና አልቀረም፤ እዚህ ሽንፋ ግን ፀሐዩ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ወባው እንኳ ዘንድሮ አልነካኝም።

ሰሊጡን አጭደን ሳንጨርስ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ሊያነጋግሩን መጥተው ነበር። እርሻው ዳር መድረክና ድምፅ ማጉያ ተተከለና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተናገሩ። እንደ ሰው የሚያስብ ማሽን ነው አሉ፤ ያርማል፣ ያጭዳል፣ አይደክምም፣ አገራችንንም ከዓለም ፊት ያሰልፋታል አሉ። የእርሻው ባለሀብቶች አጨበጨቡ። እኛ አጫጆቹ እርስ በርስ ተያየን።

አብሮን የሚያጭደው የወሎው ቢያድግልኝ ብድግ አለ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። «ጌታዬ፣ ያሉት ማሽን መጥቶ ሲያጭድ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» አለ።

ሰውዬው ወረቀታቸውን አገላበጡ። ከዚያ «ይህን አላሰብሁበትም» ብለው ወረዱ። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ።

ቢያድግልኝ ተስፋ ቆረጠ። ሱዳን ተሻግሬ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ ልብሱን ቋጠረ፤ ማዶ ደግሞ ጦርነት ነው። እስከ መተማ ዮሐንስ ተከትዬው ሄጄ ትንሽ ቆይ ብዬ ለመንሁት። ሴት ወንድ ስትለምን ብሎ መንገደኛው ሁሉ ያየኝ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም። እሱም ቆየ።

ሰንበት ብሎ እኒያንኑ ሰውዬ በሬዲዮ ሰማናቸው። ሹማምንቱ ተሰብስበው ያንኑ ማሽን ሲያወድሱ ተራቸው ደረሰ። «ሽንፋ ላይ አንድ አጫጅ ‹እኛስ?› ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳንይዝለት ባናጨበጭብ ጥሩ ነው» አሉ። ቢያድግልኝ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ብቻውን ሳቀ።

ነገሩ በወሬ አልቀረም። አብደራፊ ላይ የማሽን ሥልጠና ተከፈተ፤ ቅድሚያ ለአጫጆች ተባለ። ሁሉን ስላልወሰዱ የቀሩት ጓደኞቼ ያሳስቡኛል። እኔና ቢያድግልኝ ግን ገብተናል። ልጅሽ ትራክተር ትነዳለች ብልሽ ታምኛለሽ? መጀመሪያ ሰሞን ትልሙ ይጣመምብኝ ነበር፤ አሁን ቀጥ ይልልኛል።

ለፋሲካ እመጣለሁ። ለአባቴ ገና ምንም አትንገሪው፤ ብቻ የወሎ ሰው ቤታችን በእንግድነት ቢመጣ ምን እንደሚል በዘዴ ጠይቂልኝ።

እመቤታችን ጤናሽን ትጠብቅልኝ፤ በደኅና ዓይን ለዓይን ታገናኘን።

የምትናፍቅሽ ትልቋ ልጅሽ