ከውስጥ እጀታ የሌለው በር

እኔ፣ ዕድሜ ልኬን ልብስ ስሰፋ የኖርሁ፣ ጥያቄ ስለማበዛም ሰፈሩ «እሜቴ ለምን» ያለኝ፣ ዛሬ ሚያዝያ ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ዓመቱን ጸሐፊው በራስጌው እንዳሰፈረው፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያታልለኝ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም ይህን ቃሌን እሰጣለሁ። ሐኪሙ ልቤ ብዙ እንደማያዘልቀኝ ነግሮኛል። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እርጅና ነው» አለ፤ ይህም መልስ ሆኖ ነው።

በፊቴ የተቀመጡት ምስክሮች ቄሱ፣ ሼኩና ጎረቤቴ አናጢው ናቸው። አራተኛው ምስክር፣ የወህኒ ቤቱ አዛዥ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተዘግቶበታል። በፈቃዱ ነው የገባው። ቃሌን ስጨርስ ተከፍቶለት ይፈርማል፤ መቼ እንደምጨርስ ግን አልነገርነውም።

አንደኛ፤ የስፌት መኪናዬ ለምራቴ ይሁን። ልጄ «ሚስቴ ስፌት አትችልም» ይላል። እኔም ስጀምር አልችልም ነበር። መቀሱን ግን ለማንም እንዳታውስ፤ ወረቀት ይቆርጡበታል።

ሁለተኛ፤ ጠባቧ ክፍል ስትቀር ቤቱ ለልጄ ነው። ግድግዳዋን አፍርሶ ሱቅ ሊያደርጋት እንደሚመኝ አውቃለሁ። አሁንም እንኳ እናቱ እየተናዘዘች እሱ በዓይኑ መደርደሪያ ይለካል። እዚህ ላይ ምስክሮቹ መሳቃቸው ይጻፍልኝ፤ የቄሱ ሳቅ ደግሞ ግድግዳ ያልፋል።

ሦስተኛ፤ ጠባቧን ክፍል ለእስረኛ ጠያቂ ማኅበራችን አውርሻለሁ። ማኅበሩ ክርስቲያንም እስላምም አለበት፤ ልመናው ግን አንድ ነው፤ ሰው ለብቻው ተዘግቶበት አይቀጣ። እህቴ ስትሞት አደራ ያለችኝ ልጇ በዚሁ አዛዥ ወህኒ ቤት ታስሮ ሳለ ከሌሎች እስረኞች ጋር ተደባድቦ እንዲህ ባለ ክፍል ከገባ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የምንለምንበትን ነገር እንድናውቀው አናጢው በዚያኛው ልክ ይህችን አበጀልን።

መጀመሪያ ተሳስተን ነበር። ጸሎተኞች ነንና መብራትና የጸሎት መጽሐፍ አስገባንባት፤ የገባው ሁሉ ፊቱ በርቶ ወጣ። ቄሱ «እንዲህ ያለ ጽሞና ካገኘሁ ስንት ጊዜዬ» አሉ። ሼኩም «ምነው ትንሽ በቆየሁ» አሉ። ታዲያ ደስ የሚያሰኘውን ነገር ይቅር ብለን ማንን ልንለምን ነው? ነገሩ ከነከነኝ፤ ስፌቴን ይዤ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። በኋላ አናጢውን «የመናኝ በር በየት በኩል ይከፈታል?» አልሁት።

«ከውስጥ ነዋ፣ እትዬ።»

«በል ያንን የውስጡን እጀታ ንቀለው።»

መብራቱንም መጽሐፉንም አወጣን። ቄሱ እንደገና ገብተው ሲወጡ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በዚህች ክፍል ሳይዘጋበት ለባለሥልጣን አቤት የሚል የማኅበር አባል የለም። ይህ ሥርዓት እንዳይፈርስ፤ ክፍሏም እንዳትፈርስ።

አራተኛ፤ በምስማሩ ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ ኮት ለእህቴ ልጅ ይሰጠው። ይክሳ ይወፍር አላየሁትምና በግምት ነው የሰፋሁት። የሚያስተካክልለት ሰው እንዳይቸገር ከስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ጨርቅ ትቻለሁ። ሳላየው መሞቴ ያንገበግበኛል።

ቃሌ ይኸው ነው። አናጢው ሂድና ክፈትለት። ጸሐፊው፣ እስክሪብቶህን አታስቀምጥ፤ የሚሆነውን ሁሉ ጻፍ። ከዚያ ክፍል የወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሰዓት ነው። ይህ ሰው ምን ይጠይቅ ይሆን?

የጸሐፊው ቃል፤ በታዘዝሁት መሠረት የሆነውን እጽፋለሁ። አዛዡ ሲወጡ ሰዓት አልጠየቁም።

«ማን ነው የሳቀው?» አሉ።

ቄሱ «እኔ ነኝ» አሏቸው።

«በምን?»

የመደርደሪያው ነገር ተነገራቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያ የእህትዎ ልጅ፣» አሉ ወደ ተናዛዧ ዞረው፣ «ጠባቂዎቹ ደጅ ሆነው ሲስቁ በሩን እየደበደበ ‹ማን ነው የሳቀው? በምን ሳቃችሁ?› ይላል። ረብሻ መስሎኝ ቅጣቱን አራዘምኩበት።»

ተናዛዧ «መጠየቁን ከእኔ ነው የወረሰው» ብለው አለቀሱ።

አዛዡም «እነዚያን ክፍሎች ማስቀረት የበላዮቼ ሥልጣን ነው። በአቤቱታችሁ ላይ ግን እኔም እፈርማለሁ። ልጁን ማውጣት በእጄ ነው፤ ዛሬ ከሰው ጋር ያድራል። እሑድ መጥተው ይዩት» አሏቸው።

ተናዛዧ እንባቸውን ጠርገው «ጸሐፊው፣ አራተኛውን ሰርዘው። ኮቱን ራሴ ወስጄ እለካዋለሁ» አሉ።

ልጃቸው «እማዬ፣ ሐኪሙ ከአልጋ አትውረጂ ብሎሻል እኮ» ቢላቸው «ለምን?» አሉት።

እኛም ምስክሮች ኑዛዜው ሲነበብ ሰምተን፣ አራተኛው ቃል በተናዛዧ ፈቃድ መሰረዙን አይተን በየተራ ፈርመናል፤ ቄሱ፣ ሼኩ፣ አናጢው፣ የወህኒ ቤቱ አዛዥ። ተናዛዧ በቀኝ እጃቸው ሜትር ይዘው ስለነበር በግራ አውራ ጣታቸው አትመዋል።