ሁለት ጥንድ የበረዶ ጫማ

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን

ውድ አለምነሽ፣

የእጅ ጽሑፌን ስታዪ ወረቀቱን እንደምትቀድጂው አውቃለሁ። ብቻ ከመቅደድሽ በፊት ይችን አንዲት መስመር አንብቢልኝ፤ ልጄ ኢየሩስ አንቺንና እኔን ስኪ እንድንጫወት ኦስትሪያ ድረስ ጠርታናለች! ስኪ ስልሽ እነዚያ በቴሌቪዥን የምናያቸው፣ እግራቸው ላይ ረጃጅም ጣውላ አስረው ከበረዶ ተራራ ቁልቁል የሚወረወሩት ሰዎች የሚያደርጉትን ነው። እኔ ሃምሳ ዓመቴ ነው። ያንቺን በደብዳቤ አልጽፈውም፤ ሰው እጅ ይገባል።

እኔ ካለሁበት የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አንቺ እስካለሽበት ቱላ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በዚች መንገድ ደብዳቤ መጻፌ ራሴንም ያስቀኛል። ስልኬን ግን አራት ዓመት ሙሉ አላነሳሽም፤ ምን ላድርግ? አሁን የመጣው ነገር ደግሞ በሆድ ተይዞ የሚቻል አይደለም። ካልነገርኩሽ እፈነዳለሁ።

የደወለችልኝ እሑድ ከጸሎት ስወጣ ነው። አንቺ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት ልጅ እኮ ዛሬ እዚያ ነርስ ሆና የአገሩን ሽማግሌዎች ትጦራለች።

“እማዬ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ የሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። ቤት ተከራይቻለሁ። አንቺና እትዬ አለምነሽ ትመጣላችሁ፣ ስኪ አስተምራችኋለሁ” አለችኝ።

“ሁለታችንም?” አልኳት።

“እንዴ! እትዬን ትተሽ ልትመጪ ነበር?”

“ኧረ እሷ ደስታውን አትችለውም!” አልኩ። አፌ ቀደመኝ። እንደተኳረፍን አታውቅም፤ ስለ አንቺ በጠየቀችኝ ቁጥር “ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች” እያልኩ ይኸው አራት ዓመት በስምሽ ሰላምታ እያደረስኩ ኖሬያለሁ።

ከተማዋን ብታያት! ፎቶ ልካልኛለች። ስሟን ሦስት ጊዜ ነግራኝ ሦስቴም ስለተሳሳትኩ ትቼዋለሁ። በድሮ ጊዜ ከተራራው ብር ይቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው አሉ የሠሯት። ቤቶቹ አምስት መቶ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ግድግዳቸው ላይ በውጭ በኩል ሥዕል ተሥሎበታል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አያሳልፍም። መሐል ላይ የደወል ማማ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተራራው! ከተማዋን በክንዱ እንዳቀፈ ሰው ከቧት ቆሟል፣ ከእግር እስከ ራሱ ነጭ። የምናርፍበት ቤት በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መግባት ያስፈልጋል ብላለች። እኔስ ቀጥ ብዬ እገባለሁ፤ የሚያሳስበኝ ያንቺ ቁመት ነው።

አስቢው እስቲ፣ በረዶ ስንት ዓመት በእጃችን ዝቀናል? ጠዋት ጠዋት ጣታችን እስኪደነዝዝ እየፈለጥን ዓሣው ላይ ስንከምር ኖረናል። በረዶ ለእኛ ሥራ ነው። ሰው ሊጫወትበት፣ ሊስቅበት ይችላል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። ኢየሩስ ቪዲዮ ስትልክልኝ፣ አንዲት የእኔን ዕድሜ የምታህል ሴትዮ ሽው ብላ ወርዳ ካሜራው ፊት ስትቆምና ስትስቅ አይቼ፣ ዓሣ እየፋቅሁ እንባዬ መጣ። ለምን እንዳለቀስኩ አትጠይቂኝ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

ዕቅዱ ይህን ይመስላል። የደረስን ዕለት እረፍት። በማግሥቱ ጫማና ጣውላ መከራየት። ከዚያ ሦስት ቀን ትምህርት፣ እሱም ከሕፃናት ጋር! ለጀማሪ የሚሆነው ተዳፋት የልጆቹ ነው። የአምስት ዓመት ልጆች በአጠገባችን እየበረሩ ሲያልፉ እኔና አንቺ እንደ ሁለት ማሰሮ ተገትረን ይታየኛል። በአራተኛው ቀን፣ ካልተሰበርን፣ በገመድ በሚሄደው ወንበር ወደ ላይ እንወጣለን። ማታ ማታ በዚያ ጠባብ መንገድ መንሸራሸር ነው፤ አይብ ቀልጦ ዳቦ የሚነከርበት ምግብ አለ፣ እሱን እንቀምሳለን። ዓሣ ካቀረቡልን ተነስተን እንወጣለን።

ኢየሩስ የእግር ቁጥርና የጭንቅላት ዙሪያ ላኩ ብላ ነበር፣ ለጫማውና ለራስ መከላከያው። ለእኔ ሠላሳ ሰባት፣ ላንቺ ሠላሳ ዘጠኝ አልኳት። ስንት ክረምት ቦቲሽን ተጫምቼ እግሬ ውስጡ ሲዋኝ ውሏል፣ እንዴት ይጠፋኛል? ራስሽን ግን በግምት ነው የላክሁት፤ ግትርነቱን ጨምሬበት። ሁለት ጥንድ ጫማ ተይዞልናል።

ልምምድ ጀምሬያለሁ። ጉልበትን ማጠፍ፣ ወገብን ዝቅ፣ የጣውላዎቹን ጫፍ ወደ ውስጥ ማገናኘት። ቅርፊት ስፍቅ እንደዚያ ሆኜ ነው የምፍቀው። በቀደም ዓሣ አስጋሪው ሽበሺ ሲያየኝ ቆየና፣

“ካሰች፣ ወገብሽን ነው ወይስ ወንበር ጠፋ?” አለኝ።

“ስኪ እየተለማመድኩ ነው። ኦስትሪያ ልሄድ ነው።”

“በረዶ ፍለጋ ባሕር ማዶ? የዓሣው ሣጥን ውስጥ ግቢና እኔ ልክደንብሽ!”

ገበያው በሳቅ አለቀ። ዛሬም ድረስ ሳልፍ “ክዳኑን ልክፈት?” ይሉኛል። ይሳቁ። ጠዋት ታቦር ተራራ እወጣለሁ። መውጣቱስ ይሁን፤ ቅዳሜ ዕለት መውረዱን በመቀመጫዬ ነው የጨረስኩት። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሮጠው መጥተው “እማማ፣ እናንሳዎት?” ሲሉኝ “ልምምድ ላይ ነኝ፣ መንገድ ልቀቁ” አልኳቸው። የጸሎት ቡድናችን መሪ ሙሉዬ ደግሞ እጇን ራሴ ላይ ጭና “ጌታ ሆይ፣ በረዶ ላይ እግሯን አጽና” ብላ ጸለየችልኝ፤ ሁሉም አሜን አለ፣ አንዳንዶቹ እየሳቁ።

የጥሪው ወረቀት ላይ ሁለት ስም አለ፣ የእኔና ያንቺ። የፓስፖርትሽን ኮፒ እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ መላክ አለብኝ፣ የኤምባሲው ቀጠሮ ለሁለታችንም በአንድ ቀን እንዲሆን። ባለፈው ዓመት ናይሮቢ ያለውን ወንድምሽን ልትጠይቂ ስትነሺ ፓስፖርት ማውጣትሽን ሰምቻለሁ። ብትሸሺኝም ወሬሽን አጥቼ አላውቅም።

እዚህ ላይ ባቆም ይሻለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ትናንት እዚሁ ላይ አቁሜ ፖስታ ውስጥ ከትቼው ነበር። አንቺ ኢየሩስን ስለምትወጂ እሺ ልትይ ትችያለሽ፣ ነገሩም በጨዋታ ያልፍ ነበር። ግን ኢየሩስ ምን አለችኝ መሰለሽ? “አንድ ክፍል ነው ያለው፣ አልጋዎቻችሁ ጎን ለጎን ናቸው።” አሥራ አራት ሌሊት ከጎንሽ ተኝቼ ይህን ልደብቅሽ? አልችልም። ስለዚህ ወረቀቱን አወጣሁት።

ባልሽ አየለ ሲሞት ለቅሶ አልደረስኩሽም። ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። ሃያ ዓመት አንድ የበረዶ ሣጥን የተጋራን ሴቶች ነን፤ ሬሳው ከቤትሽ ሲወጣ ግን እኔ አልነበርኩም። ታምሜ ነው ብዬ ሰው ላክሁብሽ። አልታመምኩም ነበር።

ያን ዕለት፣ የሐምሌዋን ዓርብ፣ አየለ ከቀትር በኋላ ጀልባውን ወደ ዳር ስቦ ሊገባ ነበር። እኔ ለሠርግ የታዘዝኩት ቆሮሶ ዓሣ አልሞላ ብሎኝ ስቁነጠነጥ ነው ያገኘሁት። አንቺ ቤት ነበርሽ።

“አየለ፣ አንድ ዙር ብቻ” አልኩት።

“ነፋሱ አላማረኝም። ነገ በማለዳ አመጣልሻለሁ።”

“አይ አየለ፣ አርጅተሃል! ለአለምነሽ እነግራታለሁ፣ ባልሽ ውኃ መፍራት ጀመረ ብዬ።”

ሳቀ። “አንቺ ሴትዮ፣ ምላስሽ!” አለና ጀልባውን መልሶ ገፋው። በአጠገባችን ማንም አልነበረም። ያ ነፋስ ጀልባውን ገለበጠው፤ በሕይወት አልተመለሰም።

በማግሥቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆመሽ ያገኘሽውን ሰው ሁሉ “ነፋሱን እያየ ለምን ወጣ? እሱ እኮ ጠንቃቃ ነው፣ ለምን ወጣ?” እያልሽ ስትጠይቂ ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እግሬ ወደ አንቺ መሄድ ሲገባው ወደ ቤቴ ወሰደኝ። ከዚያ ሦስተኛው ቀን አለፈ፣ ሰባተኛው አለፈ፣ እየዘገየሁ በሄድኩ ቁጥር መምጣቱ ከበደኝ። “ካሰች ለእኔ ሞታለች በሏት” ብለሽ የላክሽብኝ ቃል ደረሰኝ። አልተቀየምኩሽም።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይኼ ነው፤ ሰው “ስግብግብ ሆኖ ነው፣ ለጥቂት ዓሣ ብሎ” ሲል እዚያው ቆሜ ዝም አልኩ። አንቺም ሳታዝኚበት አልቀረሽም፣ ትቶኝ ለዓሣ ሄደ ብለሽ። አለሜ፣ አየለ ስግብግብ አልነበረም። የወጣው እኔን ከችግር ሊያወጣ ነው። ቀልዴን መቋቋም አቅቶት ነው። “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይላሉ፤ የእኔ እውነት ለመጥራት አራት ዓመት ፈጀበት። ይህን ደብዳቤ ከመጨረሴ በፊት እውነቱን ለሽበሺ ነግሬዋለሁ። ነገ ደግሞ ለገበያው ሁሉ በአፌ እናገራለሁ፤ የአየለ ስም እዚያ እንዲያ ሆኖ አይቀርም።

ባለፈው የፊቼ ዘመን መለወጫ በዓል ጉዱማሌ ሜዳ ላይ አይቼሻለሁ። ሰው ሁሉ “አይዴ ጫምባላላ” እየተባባለ ሲሳሳም፣ የተጣላው ሲታረቅ፣ አንቺ ከዛፉ ሥር ብቻሽን ቆመሽ ነበር። አሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ተመለስኩ። ይህን ሳልነግርሽ ብስምሽ ማታለል ይሆንብኝ ነበር። አሁን ነገርኩሽ። ቀለል ብሎኛል።

ስምሽን ከጥሪው ወረቀት ላይ አልሰርዝም። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ማደር ካስጠላሽ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ፤ ለኢየሩስ እውነቱን ራሴ እነግራታለሁ። ያዘለቻትን እናቷን ካየች ይበቃታል። ምኞቴን ከጠየቅሽኝ ግን ካንቺ ጋር መሄድ ነው የምፈልገው፣ በጣም ነው የምፈልገው! ያ በገመድ የሚሄደው ወንበር የሁለት ሰው ነው። አንቺ ከፍታ ትፈሪያለሽ፣ ክንዴን ትቆነጥጪዋለሽ፣ እኔ ከጎንሽ ሆኜ እጮሃለሁ። ከዚያ ከጫፉ ላይ እነዚያን ጣውላዎች አስረን፣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ጌታ ያውቃል፣ ቁልቁል! የትኛችን ቀድመን እንደምንወድቅ ከወዲሁ አስባለሁ፤ ስስቅ ሰው ያየኛል።

ይህን ደብዳቤ በሰው አልክም። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ይዤው ቱላ እመጣለሁ፣ በበርሽ ሥር አሾልክልሻለሁ፣ ግን ጥዬው አልሄድም። ይህችን መስመር ስታነቢ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ስለ ስኪው መልስ ልትሰጪኝ አትውጪ፤ ዓርብ እስኪደርስ ስድስት ቀን አለ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው የለበስኩት።

አለሜ፣ ለቅሶ ልደርስሽ መጥቻለሁና ክፈቺልኝ።

ከደጃፍሽ፣
ካሰች