የማያልቀው ጋሎን

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የውሃ ማፍያው ዛሬም ኖራ ይዟል። በኮምጣጤ ብፈቀፍቀው ብፈቀፍቀው... ክንዴ ዛለ። የሰፈራችን የሃውቶርን ውሃ እንዲህ ነው፤ ሳሙናው አረፋ አያወጣ፣ ብርጭቆው አይጠራ። ራኬብ ኩሽናው ቧንቧ ላይ ፊልተር አስገጥማለች። «አባዬ፣ ለአቢጌል ከዚህ ውጪ ጠብታ ውሃ እንዳትሰጣት» ትለኛለች በየቀኑ። ኦኬ አልኩ። መቼ ሰጠሁና?

ራኬብ ኬርጊቨር ናት፣ አዛውንት ትንከባከባለች፣ ሺፍቷ ከንጋት ነው። ሶ፣ ጠዋት ልጇ አቢጌል እኔ ጋ ናት። ዓመት ከአራት ወሯ። ምንም ሳትቀምስ አንድ ኩባያ ጠበል አጠጣታለሁ። ከጥምቀት በጋሎን ያመጣሁት ነው። ጎደል ሲል ውሃ እጨምርበታለሁ፣ እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ጠበል የነካው ሁሉ ጠበል ነው። ጋሎኔ አልቆ አያውቅም።

ከሰዓት ፓልምስ ሰፈር፣ ቦሰና ጋ አደርሳትና ፌርፋክስ እሄዳለሁ፣ ሬስቶራንቱ ጀርባ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ እውላለሁ። ቦሰና የሟች ባለቤቴ ጓደኛ ናት። የሰው ልጅ እየጠበቀች ነው የምትኖረው፣ አሁን አራት ይዛለች። አቢጌል ስታያት እኔን ጥላ ትሮጣለች። ከዳተኛ።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የልጅቷ ደም ተመርምሮ ሌድ አለበት ተባለ። እርሳስ ነው፣ ጥይት የሚሠራበት። መጠኑ አሥራ ሁለት። ከሦስት ተኩል ካለፈ አሳሳቢ ነው አሉ።

«ምን ያደርጋታል?» አልኩ። ራኬብ ኋላ ከስልኳ አነበበችልኝ። አእምሮ ላይ ነው... ንግግር፣ ትምህርት። የተጎዳው አይመለስም ይላል።

እስካሁን «አባባ» እንኳ ብላኝ አታውቅም። ልጅ አፍ የሚፈታው በስንት ወሩ ነው? ራኬብ በስንት ወሯ ነበር? ይህን የምታውቀው እናቷ ነበረች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ራኬብ የቦሰናን መስኮት አየች። ቀለሙ ተልጧል። ያረጀ ቀለም ሌድ ይኖረዋል ይባላል። በቃ፣ ጥፋተኛዋ ተገኘች።

በር ላይ ቆማ ተናገረቻት። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ቦሰና አልጮኸችም። የአቢጌልን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ሰጠቻትና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ» አለቻት። እኔም ተናድጄ ነበር። በልቤ ሰድቤያታለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ከጤና ቢሮ ነርስ መጣች። ሌዱ ከየት እንደገባ ፍለጋ በርበሬ ጠየቀች፣ ኩል ጠየቀች፣ መጫወቻውን አንድ በአንድ ገለበጠች። ከኩሽናው ቧንቧ ውሃ ቀዳች። «ሌላ የምትጠጣው ውሃ አለ?» ስትል ራኬብ ወደ እኔ ዞረች።

የለም አልኩ።

አልዋሸሁም። ጠበል ውሃ ነው እንዴ?

ዓርብ፣ የካቲት 20

ጠዋት ጋሎኑን ልሞላ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ሁልጊዜ የምሞላው ከዚያ ነው። የኩሽናው ፊልተር ጠብ፣ ጠብ ነው የሚለው፣ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ደግሞ ከሙቁ ቧንቧ ነው የምቀዳው፣ ብርዱ ደረቷን እንዳይመታት ብዬ። ቧንቧው ሕንጻው ሲሠራ የተገጠመ ነው፣ አንገቱ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። የነርሷ ጥያቄ መጣብኝ፤ ያረጀ ቀለም ሌድ ካለው፣ ያረጀ ቧንቧስ? እጄ ቧንቧው ላይ እንዳለ ቀረ።

በየቀኑ። በባዶ ሆዷ። በስመ አብ ብዬ፣ በገዛ እጄ።

ጋሎኑን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ከእንግዲህ አልሰጣትም።

እሑድ፣ የካቲት 22

ቦሰና ቤተ ክርስቲያን ነበረች፣ ጥግ ላይ ለብቻዋ። ሰላም ሳልላት ወጣሁ። ሁዳዴን ከሥጋ ጾሜ ሰው እበላለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

የኩሽናው ውሃ ንጹሕ ነው አሉ። ልናገር ነበር... ምን ብዬ? በጠበል መረዝኳት ብዬ? ሁለተኛ ልጅቷን አታሳየኝም። ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ሁለተኛው ምርመራ መጣ። ሰባት። ወርዷል።

ራኬብ አቅፋኝ አለቀሰች። «አየህ አባዬ፣ ከእሷ ቤት ስላወጣናት ነው።» ወዲያው ለናዝራዊት ደወለች፣ የናዝራዊትም ልጅ ቦሰና ጋ ናት። ከዚያ ለሌሎቹ። ሲመሽ ቦሰና ጋ አንድም ልጅ አልቀረም።

ጠበሉን በድብቅ ያቆምኩት እኔ። ማቆሜ ራሱ መሰከረባት። እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19

ነገርኳት። ጋሎኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ምንድን ነው?» «ጠበል።» «እና?»

ሁሉንም አልኳት። መታጠቢያ ቤቱን፣ ሙቁን ቧንቧ፣ የጠዋት ጠዋቱን። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ያወቅከው መቼ ነው?» ብቻ አለች። የካቲት ሃያ አልኩ። ፊቷ የተለወጠው ያኔ ነው። አንድ ወር ሙሉ...

ልጅቷን አቅፋ ወጣች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 22

ነርሷ ከጋሎኑም ከመታጠቢያ ቤቱም ቀድታ ሄደች። የቦሰናንም መስኮት መርምረዋል። የተረፈውን ጠበል ምን ላድርገው? ፍሳሽ ውስጥ አይደፋም፣ ነውር ነው። ጓሮ ያለው ሎሚ ሥር አፈሰስኩት። ከዛሬ ጀምሮ ሎሚውን የሚበላ እንዳይኖር ለጎረቤት መናገር አለብኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 25

ውጤቱ መጣ። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ነው። ጋሎኑም ውስጥ አለ። የቦሰና መስኮት ምንም የለበትም።

ራኬብ ውጤቱን ሳትጠብቅ ቦሰና እግር ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠይቃታለች። አቢጌል አሁን ጠዋትም ከሰዓትም ፓልምስ ናት፣ እኔ እንዳላያት። ከናዝራዊት ልጅ በቀር ሌሎቹ አልተመለሱም፤ ወሬ አንዴ ከወጣ ማን ይመልሰዋል? ራኬብ እኔን የምታናግረኝ ሲቸግራት ነው። ዛሬ ጠዋት የልጅቷን ኩባያ አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅድም ቦሰና ደወለች። መደወል የነበረብኝ እኔ።

«ጋሽ ዳኛቸው፣ ነገ ይምጡና ልጅቷን ይዩ። ራኬብን ለምኛታለሁ፣ እሺ ብላለች።»

 ይቅርታ ማለት ሲገባኝ፣ ልማድ ሆኖብኝ «ምን ይዤ ልምጣ?» አልኩ።

አቋረጠችኝ።

«ምንም እንዳይዙ። ባዶ እጅዎን ይምጡ።»

ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው ቤት ባዶ እጄን ሄጄ አላውቅም።